«አምብሊስ»፦ ግሪኮች ስለቱ ለጠፋ ነገር ሁሉ የሚሉት ቃል

ሰዋስው

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ስለ ፔሎፖኔዝ ጦርነት፣ አቴናና ስፓርታ ስለተዋጉበት፣ የጻፈውን ታሪክ ከግሪክኛው ጋር እያስተያየሁ እያነበብኩ ነው። አንድ ቃል ደጋግሞ ያስቆመኛል። አምብሊስ። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት «የዶለዶመ፣ የደነዘ፣ ስለት የሌለው» የሚል ነው። ለቢላ፣ ለጦር፣ ለመጥረቢያ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። እኔን የያዙኝ ቦታዎች ግን ብረት የሚባል ነገር የለባቸውም። የሚደንዘው ቁጣ ነው፣ ሐዘን ነው፣ ወዳጅነት ነው።

ዋናውን ላውራላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ነው። በሌስቦስ ደሴት ያለችው ሚቲሊን በአቴና ላይ አምፃ ተሸንፋለች። የአቴና ጉባኤ በንዴት ተሰብስቦ ወሰነ። የከተማዋ ወንዶች በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ይሸጡ። ትዕዛዙን የያዘች መርከብ ያኔውኑ ተነሣች። በማግስቱ ሰው ሁሉ ልቡ ቆጨው። ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ከተማ ሙሉ መፍጀት ከበዳቸው። ጉዳዩ እንደገና ለጉባኤ ቀረበ።

ይሄኔ ክሌኦን የሚባለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ጉዳዩን ዳግም ያነሡትን ይወቅሳል። ነገር ሲዘገይ የሚጠቀመው በደለኛው ነው ይላል። ምክንያቱም ተበዳይ ቀን ባለፈ ቁጥር በዳዩን የሚከስሰው «በደነዘ ቁጣ» ነው። ቃሉ እሱ ነው፣ አምብሊስ። ቁጣ ለክሌኦን ሰይፍ ነው። ሳይዶለዱም መምታት አለበት።

ዲዮዶቶስ የሚባል ሌላ ሰው መለሰለት። ስለ ምሕረት አልተናገረም። ለአቴና የሚበጀው ምንድን ነው የሚለውን ነው ያነሣው። እጅ ሲቆጠር ለጥቂት የዲዮዶቶስ ወገን አሸነፈ። ሁለተኛ መርከብ ተላከች። የመጀመሪያዋ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማለች። የሚቲሊን መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ የወይን ጠጅና የገብስ ዱቄት አቀረቡ፣ ከደረሱ ትልቅ ስጦታ ቃል ገቡ። ቀዛፊዎቹ ገብሱን በወይንና በዘይት አሽተው እየቀዘፉ በሉ። ገሚሱ ሲተኛ ገሚሱ ይቀዝፋል። የመጀመሪያዋ መርከብ ግን የያዘችው መልእክት የሚያስጠላ ስለነበረ አልተጣደፈችም። የጦር አዛዡ ፓኬስ የሞት ትዕዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች።

እኔ እንግዲህ የማስበው ይህን ነው። እኛ አንድን ሰው «ደነዝ» ካልነው ሰድበነዋል፣ አለቀ። የግሪኩ ቃል ግን መጀመሪያ «ስለቱ የጠፋው የምን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። በሚቲሊን የደነዘው ቁጣ ነው። በመደንዘዙ አንድ ከተማ ሕዝብ ተረፈ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሞረድ

ሰዋስው፣ ታሪኩን ጥሩ አድርገህ አመጣኸው። ሐሳብህን ግን አልቀበለውም። ቃሉን የተናገረው ክሌኦን ነው። እሱ ደግሞ መደንዘዝን እንደ ጉድለት ነው ያነሣው። «ቁጣችሁ ከደነዘ ጠላት ይስቅባችኋል» ማለቱ ነው። አንተ ከሱ አፍ ያወጣኸውን ቃል ገልብጠህ ምስጋና አደረግኸው። በዚያ ላይ ሁሉም አልተረፈም። በክሌኦን ሐሳብ አቅራቢነት የአመፁ መሪዎች የተባሉ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተገድለዋል። መሬታቸውም ለአቴናውያን ተከፋፍሏል።

ሌላም አለ። የኛ ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል። ክሌኦን ደግሞ የተወጋ ይረሳል ነው የሚለው። እኔ ከክሌኦን ይልቅ የኛን ተረት ነው የማምነው።

ሰዋስው

ሞረድ፣ የተረፉት ሁሉም እንዳልሆኑ እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ግን ክሌኦን ጉድለት አድርጎ ማንሣቱ ለኔ ሐሳብ እንቅፋት አይሆንም። ቱኪዲደስ ቃሉን በክሌኦን አፍ አስቀመጠ። ቀጥሎ ደግሞ ያ የተወቀሰው መደንዘዝ ምን እንዳተረፈ ዝርዝሩን እየቆጠረ ነገረን። ገብሱን፣ ዘይቱን፣ በየተራ መተኛቱን ሳይቀር። አንባቢው ራሱ ይፍረድ ብሎ ነው።

ተረታችንን በደንብ ነው ያመጣኸው። እኔ ግን መርሳትና መደንዘዝ ለየቅል ናቸው እላለሁ። የደነዘ ቢላ ቢላነቱ አልጠፋም። ተበዳዩ በደሉን አልረሳም፣ ቁጣው ብቻ እንደ መጀመሪያው ቀን አይቆርጥም። እኛ «ቁጣው በረደ» እንላለን። ለኛ ቁጣ እሳት ነው። ለክሌኦን ብረት ነው። የበረደ እሳትን ማቀጣጠል ይከብዳል፣ የደነዘን ብረት ግን ሞረድ ያገኘ ሰው መልሶ ይስለዋል። ክሌኦን ያን ቀን ሲያደርግ የነበረውም እሱን ነው።

ላሊ

ሰላም ሁላችሁም። ሰዋስው፣ ሐዘንም ወዳጅነትም ይደንዛል ብለሃል። እነሱን ሳትነግረን አትለፍ። እኔ ግሪክኛ አላውቅም፣ ታሪኩ ግን ይዞኛል።

ሰዋስው

እሺ ላሊ። ሐዘኑ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 አቴና በወረርሽኝ ተመትታለች። ሰው በየቤቱ እየሞተ ነው። ከቅጥሩ ውጪ ደግሞ ስፓርታውያን እርሻውን ያቃጥላሉ። ሕዝቡ መሪውን ፔሪክሊስን ጥፋተኛ አድርጎ በገንዘብ ቀጣው። ብዙም ሳይቆይ መልሶ የጦር አዛዥ አድርጎ መረጠው። ቱኪዲደስ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ፣ እያንዳንዱ በቤቱ በደረሰበት ሐዘን «ደንዝዞ ነበር» ይላል። ሐዘኑ አላለቀም። የሞተው ሞቷል። ግን ሐዘኑ እንደ በፊቱ ስለማይቆርጣቸው ቀና ብለው ከተማዋ ምን እንደሚያስፈልጋት ማየት ቻሉ።

ወዳጅነቱ ደግሞ ፔሪክሊስ በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ለሞቱት ወታደሮች ባደረገው የመቃብር ንግግር ውስጥ ነው ያለው። ውለታ የዋለ ሰው የጸና ወዳጅ ነው ይላል። ውለታ ያለበት ግን «የደነዘ» ነው። ለምን ቢባል፣ መልካም ሲያደርግ ዕዳ እየከፈለ እንጂ በፈቃዱ እየሰጠ እንዳልሆነ ያውቃል። ውለታ ተውሎለት ከባለውለታው እየሸሸ የሚሄድ ሰው ያጋጠመው ሁሉ ይህን ይረዳዋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልቡ እዳ ስላለበት ነው።

አራተኛም አለ፣ እሱን አሳጥሬ ልንገርሽ። በ429 የአቴናው ፎርሚዮ በ20 መርከቦች 47 የጠላት መርከቦችን በቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ አጠገብ ድል አደረገ። የተሸነፈው ወገን አዛዦች መርከበኞቻቸውን ሲያበረታቱ፣ በጉልበት ያልተሸነፈ አእምሮ በአጋጣሚ ውጤት መደንዘዝ የለበትም አሏቸው። እዚህ ላይ ሞረድ ልክ ነው። መደንዘዙ እንደ ጉዳት ነው የታየው።

ደብተራው

ልጆች፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ላክል። ኦሪት ዘፍጥረት 27 ላይ ይስሐቅ ሸምግሎ ዓይኑ ይፈዝዛል። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ከዚሁ ቃል የወጣውን ግስ ነው ያስገቡት። ዓይኖቹ ከማየት «ደነዙ»። የኛ የግእዝ ብሉይም ከዚሁ ከግሪኩ ስለተመለሰ ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም።

የሚገርመኝ ታሪኩ ነው። አንዱ ስሜት ሲደክም ሌሎቹ ሁሉ ተራ በተራ ይጠራሉ። በእጁ ይዳስሳል። «ድምፁ የያዕቆብ ድምፅ ነው፣ እጆቹ ግን የኤሳው እጆች ናቸው» ይላል። ምግቡን ይቀምሳል። የልብሱን ሽታ ያሸታል። ጆሮው ብቻ ነበረ እውነቱን የነገረው፣ እሱ ግን እጁን አመነ። ስለ ሙሴ ግን በኦሪት ዘዳግም መጨረሻ 120 ዓመት ሆኖት እንኳ ዓይኑ አልፈዘዘም ይላል። እዚያ ግሪኩ የተጠቀመው ሌላ ቃል ነው፣ መጨለምን የሚያሳይ።

ሰዋስው

አባታችን፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሚገርመው ዓይን በግሪኮች ዘንድ ለዚህ ቃል ሁለተኛ ቤቱ ነው። ፈላስፋው ፕላቶን ፖሊቴያ በሚባለው መጽሐፉ በዋሻ ውስጥ ታስረው ጥላ ብቻ ስለሚያዩ ሰዎች ሲያወራ፣ ብርሃን አይቶ ወደ ጨለማው የተመለሰው ሰው ዓይኑ ይደነዝዝበታል ይላል። በዋሻው የቀሩትም ይስቁበታል። «ወደ ላይ ወጥቶ ዓይኑን አበላሽቶ መጣ» ብለው። የሱ መደንዘዝ እነሱ ያላዩትን በማየቱ የመጣ ነው። እነሱ ግን ያንን ሊያውቁ አይችሉም።

በዚያው መጽሐፍ አሥረኛው ክፍል ሶቅራጥስ ለግላውኮን የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የደነዘ ሰዎች ዓይናቸው ስል ከሆነው ቀድመው ያያሉ ይላል። ሞረድ፣ ይሄስ ስድብ ነው?

ሞረድ

ይህኛውን ቦታ ወድጄዋለሁ። ግን አየህ፣ ሶቅራጥስ «ቢሆንም እንኳ» በሚል መንፈስ ነው የተናገረው። ደነዝ ዓይን በተለምዶ ያነሰ እንደሚያይ አምኖ ነው። ቃሉ ራሱ መጥፎ ነው፣ አረፍተ ነገሩ ነው ያከበረው። ቢላ ተሠርቶ የሚያልቀው ሲስል ነው። የሥራው ነገር መቁረጥ ነውና። ያልቆረጠ ቢላ ያው ጎድሎታል።

ዓይን_ሐኪም

ሰላም። እኔ በዓይን ሕክምና ነው የምሠራው። ስለ ዓይን ስታነሡ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በየቀኑ ካርድ ላይ የምንጽፈው ነው። አምብሊዮፒያ። አምብሊስና ዓይን የሚል ቃል ተጋጥመው።

በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራቲስ ስም ባሉት የሕክምና አባባሎች ስብስብ ውስጥ በሽማግሌዎች ላይ የሚመጡ ሕመሞች ተዘርዝረዋል። የትንፋሽ ማጠር አለ፣ የጆሮ መክበድ አለ፣ አምብሊዮፒያም አለ። ያኔ የሽማግሌ ዓይን መድከም ማለት ነበር። ዛሬ ግን በዋናነት የሕፃናት ሕመም ስም ነው። ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 ያህሉ ላይ ይታያል።

እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውምና። ሕፃን ሲወለድ አጥርቶ ማየት አይችልም፣ ማየትን ይማራል። የሚማረው ዓይን ብቻ ሳይሆን አንጎል ነው። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ ሸውራራ ከሆነ፣ ወይም መነጽር የሚፈልግ ሆኖ ሌላው የማይፈልግ ከሆነ፣ ወይም የዓይን ሞራ ካለበት፣ አንጎል ከዚያ ዓይን የሚመጣው ምስል ይደነጋገርበታል። ስለዚህ ይተወዋል። የጠራውን ብቻ ይሰማል። ዓይኑን ብትመረምረው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የደነዘው ዓይኑ አይደለም፣ በዓይኑና በአንጎሉ መካከል ያለው ትምህርት ነው።

ሕክምናው ደግሞ ሰዋስው ለሚለው ነገር የሚቀርብ ይመስለኛል። መጀመሪያ መነጽር የሚያስፈልገው ከሆነ መነጽር ይደረግለታል። ከዚያ ጎበዙን ዓይን እንሸፍነዋለን። ደካማው ብቻውን እንዲሠራ። ወይም በጎበዙ ዓይን አትሮፒን የሚባል ጠብታ እናደርጋለን፣ ጎበዙ ይደበዝዛል፣ ደካማው ተራ ያገኛል። ስሉን ሆን ብለን እናደነዝዘዋለን ማለት ነው።

በነገራችን ላይ በብዙ ሰው አፍ «ሰነፍ ዓይን» ይባላል። እኔ ለወላጆች እንዲህ አልልም። ልጅ ሲሰማው የራሱ ስንፍና ይመስለዋል። ግሪኩ ቢያንስ ስለ ዓይኑ ሁኔታ ነው የሚናገረው።

ላሊ

ዶክተር፣ ልጠይቅዎት። የእህቴ ልጅ 5 ዓመቷ ነው፣ ይሄው ተብላ ዓይኗ ይሸፈናል። ቀኑን ሙሉ አልቅሳ ነው የምትውለው። ቀኑን ሙሉ መሸፈን የግድ ነው?

ዓይን_ሐኪም

እህቴ፣ ሰዓቱን የሚወስነው ልጅቷን ያየው ሐኪም ነው። ግን ይህን ጠይቁት። ችግሩ መካከለኛ ለሆነ ልጅ በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንደሚያመጣ በጥናት ታይቷል። ከባድ ለሆነውም በቀን 6 ሰዓት ቀኑን ሙሉ ከመሸፈን አያንስም። ስለዚህ «ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ ማሳጠር ይቻላል?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሸፍነው ባዶ እጇን አያስቀምጧት። በቅርብ የሚሠራ ነገር ይስጧት። ሥዕል ማቅለም፣ ዶቃ መሰካት፣ ምስር መልቀም። ዓይኗ የሚያየው ነገር ካገኘ ይማራል። 5 ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው፣ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው። ከፍ ላሉ ልጆችም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ ተስፋ አይቆረጥም። እባካችሁ ሁላችሁም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ዓይኑ ለብቻው ይመርመር። በሁለቱ ዓይኖቹ ሲያይ ምንም አይታወቅበትም።

ላሊ

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ምስር መልቀሙን ለእህቴ አሁኑኑ ነው የምነግራት።

የእንስሳት_ሐኪም

ከብት ያላችሁ ደግሞ ቃሉን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። አምብሊዮማ። ይህ የመዥገር ወገን ስም ነው፣ «ደነዝ ዓይን» ማለት። ያ ባለ ቀለሙ፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ጥለት ያለበት መዥገር በአገራችን ከብቶች ላይ በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው። የአፉ መውጊያ ረጅም ስለሆነ ቆዳውን በጥልቀት ይወጋል። ጡት ያበላሻል፣ ቆዳና ሌጦ ዋጋ ያሳጣል። ሃርትዋተር የሚባለውን ሕመምም ያስተላልፋል። ስሙ ደነዝ ነው፣ ንክሻው ግን አይደለም።

የሂሳብ_መምህር

እኔ ደግሞ ከክፍል ልጀምር። ተማሪዎች ሹል ዘዌ፣ ቀጤ ዘዌ፣ ዝርጥ ዘዌ ብለው ይሸመድዳሉ። ዩክሊድ በኤለመንትስ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ዝርጡን ዘዌ የሚጠራው አምብሌያ ብሎ ነው፣ ደነዝ ማለት ነው። ሹሉን ደግሞ ኦክሴያ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። የቢላን አፍ ከፊት ለፊት ብታዩት ዘዌ ነው። ዘዌው ሲጠብ ይቆርጣል። ሲሰፋ ይዶለዱማል። ግሪኮች ማዕዘንን የለዩት በእጃቸው ባለው መሣሪያ ነው።

ከዚህ የበለጠ የምወደው የኮን ነገር ነው። የሂሳብ ሊቁ አፖሎኒዮስ ዘ ፔርጋ ከመምጣቱ በፊት ሃይፐርቦላ የምንለው ጠመዝማዛ መስመር ሃይፐርቦላ አይባልም ነበር። «የደነዘ ኮን ቁራጭ» ነበር የሚሉት። አርኪሜዲስም እንዲሁ ነው የሚጠራው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮኑን በጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ በሚቆም ጠፍጣፋ ገጽ ይቆርጡታል። አናቱ ሹል የሆነ ኮን ሲቆረጥ ኤሊፕስ ይሰጣል። አናቱ ቀጤ ከሆነ ፓራቦላ። አናቱ ዝርጥ ከሆነ ሃይፐርቦላ። ለእያንዳንዱ ጠመዝማዛ መስመር ሌላ ኮን ያስፈልግ ነበር። አፖሎኒዮስ ሦስቱንም ከአንድ ኮን ማውጣት ይቻላል ብሎ አሳየ፣ ዛሬ የምንጠራባቸውንም ስሞች ሰጣቸው። ደነዙ ስም ያኔ ቀረ።

ሞረድ፣ ለአንተ ደግሞ። በጂኦሜትሪ ዝርጥ ዘዌ ጉድለት የለበትም። ከቀጤ ይበልጣል እንጂ አያንስም። «ደነዝ» ሲባል ትልቁ እሱ ነው።

ሞረድ

መምህር፣ ይህቺን ወሰድኳት። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ግሪኮች ሞኝ ሰውን ምን ይሉት ነበር? አምብሊስ አይሉትም?

ሰዋስው

አእምሮው የዘገየ ሰው በአምብሊስ ሊጠራ ይችላል፣ ይህን አልክድም። ለሞኝነት የተለመደው ቃል ግን ሞሮስ ነው። እሱም መጀመሪያ ነገሩ መፍዘዝ፣ መደንዘዝ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 5፥13 «ጨው አልጫ ቢሆን» የሚለውን ታስታውሳላችሁ። ግሪኩ ከሞሮስ የወጣ ግስ ነው ያለው፣ ቃል በቃል ጨው «ቢሞኝ» እንደማለት። የኛ ተርጓሚዎች «አልጫ» ማለታቸው እንዴት ያለ ምርጫ ነው! እኛም ለዛ የሌለውን ሰው አልጫ እንለዋለን።

ኦክሲሞሮን የሚባለውም ከዚህ ነው። ኦክሲስ ስል ነው፣ ሞሮስ ፈዛዛ ነው። ስልና ደነዝ ባንድ ቃል።

እና አንድ ነገር ልብ በሉ። በግልጽ፣ ፊት ለፊት፣ ሳያለዝብ የሚናገር ሰው በዘመናዊ አውሮፓ ቋንቋ «ደነዝ» በሚል ቃል ሊጠራ ይችላል። በጥንት ግሪክ ግን አምብሊስ እንዲህ ያለ ትርጉም የለውም። ለዚያ ፓሬሲያ የሚባል የራሱ ቃል አላቸው፣ ሁሉን መናገር ማለት። የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ ጳውሎስ በሮም ሲያስተምር የነበረው በፓሬሲያ ነው፣ ማንም ሳይከለክለው።

ደብተራው

ሰዋስው ልጄ፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ደም ግን አላነሣህም። ግሪኮች ነፍስ ያጠፋን ሰው እንዴት ያዩት ነበር?

ሰዋስው

አባታችን፣ እሱን ነበር ያቆየሁት። አይስኪሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ለመድረክ ያቀረበው ዩሜኒዴስ የሚባል ተውኔት አለ። ኦሬስቴስ እናቱን ገድሏል። አባቱን ስለገደለች ነው። የበቀል አማልክቱ እየተከተሉት አቴና ይደርሳል። አቴና የምትባለውን የከተማዋን ሴት አምላክ ምስል ይዞ ሲማጸን፣ እጄ ከደም ያልጠራ አይደለም ይላል። ርኩሰቴ በሌሎች ቤቶችና በሰው መንገዶች ላይ እየታሸ «ደንዝዟል» ይላል።

ይህን አረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ደም ስለት አለው። መንገድ፣ እንግድነት፣ የሰው ማዕድ ግን ያንን ስለት እየፈገፈጉ ይዶለዱሙታል። ሞረድ ባለበት ቋንቋ ብናገር፣ ሰዎች ሁሉ ድንጋይ ናቸው፣ ኦሬስቴስም በነሱ ላይ ሲታሽ የኖረ ቢላ ነው። ሰው ተቀበለው፣ አብሮት በላ፣ ክፉ ነገር አልደረሰበትም። ደንዝዟል ማለት ሌላው ሰው አጠገቡ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። አሁንም ግን ፍርድ ይቀረዋል። ወደ ፍርድ የሚሄደው ርኩሰቱ ከደነዘለት በኋላ ነው።

ሞረድ

እዚህ ላይ ተስማምተናል። ኦሬስቴስ ቢላ ሆኖ መቆየት አይገባውም ነበር። ክሌኦን ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ለሚቲሊን ሰዎች የደረሰላቸው የአቴናውያን ቁጣ መደንዘዙ ሳይሆን ሁለተኛዋ መርከብ መፍጠኗ ነው። ያቺ መርከብ ደግሞ ስል ነበረች።

ሰዋስው

እሺ ሞረድ፣ ይህን አልከራከርም። ቀዛፊዎቹን የሚያህል ስል የለም። ግን ቁጣው ባይደነዝ ኖሮ መርከቧን ማን ይልካት ነበር?

የሂሳብ_መምህር

እኔ አርስቶትልን ልጨምርና ልውጣ። በቶፒካ መጽሐፉ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም እንዳለው የሚታወቀው በተቃራኒው ነው ይላል። ኦክሲስን ይወስዳል። በድምፅ ከሆነ ተቃራኒው ባሪስ ነው፣ ከባድ። በግዙፍ አካል ከሆነ ግን አምብሊስ። ሁለት ተቃራኒ ስላለው ቃሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶም ስል ድምፅ ፈጣኑ ነው፣ ሹል ዘዌ ከቀጤ ያነሰው ነው፣ ስል ቢላ ደግሞ ሹል ዘዌ ያለው ነው ይላል።

ስለ ነፍስ በጻፈው ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ግን ሁለቱን መልሶ ያቀራርባቸዋል። ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ስያሜያቸውን ያገኙት ከሚዳሰሱ ነገሮች ነው ይላል። ስል ነገር እንደሚወጋ፣ ደነዝ ነገር ደግሞ እንደሚገፋ። አንዱ በአጭር ጊዜ ብዙ ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው በረጅም ጊዜ ጥቂት።

ላሊ

ቀጭንና ወፍራም ያልከው የኛ አነጋገር ነው መምህር፣ አይደል? እኛ ድምፅን በውፍረት ነው የምንለካው። ግሪኮቹ በስለትና በክብደት ከሆነ ክራር ሲቃኝና በገና ሲደረደር ምን ይሉ ነበር?

የሂሳብ_መምህር

ላሊ፣ የክራሩን ቀጭን ክር ኦክሲስ፣ የበገናውን ወፍራም ክር ባሪስ ነበር የሚሉት። በገና ሲደረደር ሰው ደረቱ ላይ የሚሰማው ያ መግፋት ግን፣ በአርስቶትል ቋንቋ፣ የአምብሊስ ሥራ ነው።